አንዲት ወይስ ተመሳሳይ

ሰበታ መናኸሪያ ወርዳችሁ «አቶ የሺጥላ የሚባሉ ተርጓሚ የት ነው የሚሠሩት?» ብትሉ ሰው ሁሉ ትከሻውን ይነቀንቅባችኋል። «ጋሽ ሲሚላር» ካላችሁ ግን ባጃጅ ነጂውም፣ ካልሲ ሻጯም፣ ሎተሪ አዟሪውም እጃቸውን ዘርግተው ያሳዩአችኋል፤ ከፎቶ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው፣ አንደኛው ደረጃ የተሰበረ። ደረጃው ከተሰበረ አራት ዓመት ሆነው። እሳቸው በየቀኑ «ነገ አስጠግነዋለሁ» ይላሉ፣ እኔ በየቀኑ እደናቀፋለሁ።

እኔ ዕድላዊት እባላለሁ፤ ጸሐፊያቸው ነኝ። እሳቸው በእስክሪብቶ ይተረጉማሉ፣ እኔ ኮምፒዩተር ላይ እጽፋለሁ፣ አትማለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ሰባት ዓመት ሆነኝ። አራት ኪሎ የነበረው የወላጆቼ ቤት ሲፈርስ ፉሪ ዳገቱ ላይ ተከራየንና፣ ለሥራ ተመልሶ ወደ ከተማ ከመግባት ወደ ሰበታ መውረድ ይቀላል ብዬ መጣሁ። የሚቀል መስሎኝ ነበር። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ፣ ማታ የታክሲ ሰልፍ፣ መሀል ላይ መብራት ሲጠፋ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ማየት ነው። ድካሙን ለምጄዋለሁ ብል ውሸት ነው፤ ማማረሩን ነው የለመድኩት።

ስሙን ያወጣላቸው አክመል የሚባል ባጃጅ ነጂ ነው። ያኔ ባጃጅ ነጂ አልነበረም፤ ዲግሪውን ይዞ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል ያገኘ ጎበዝ ልጅ ነበር። ስሙ ፓስፖርቱ ላይ በአንድ ኤም፣ ዲግሪው ላይ በሁለት ኤም ተጽፎበት ተቸገረ። ወረዳው «በሁለቱም ሰነዶች ላይ የተጠቀሰው ተመሳሳይ ሰው መሆኑን እናረጋግጣለን» ብሎ ደብዳቤ ሰጠው። ጋሼ ተረጎሙለት።

በእኛ አማርኛ «ተመሳሳይ» የሚለው ቃል ጉደኛ ነው። «በተመሳሳይ ቀን መጡ» ስንል በአንድ ቀን ማለታችን ነው። «ተመሳሳይ ጫማ ገዛን» ስንል ደግሞ ጫማው ሁለት ነው፤ አንዱ አንዱን ይመስላል እንጂ አንዱ አንዱን አይደለም። እንግሊዝኛው ለሁለቱ ሁለት ቃል አለው፤ ለመጀመሪያው ሴም፣ ለሁለተኛው ሲሚላር። ወረዳው ሊል የፈለገው ሴም ነበር። ጋሼ የዚያን ቀን አሥራ አንደኛ ገጻቸው ላይ ነበሩ፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ እጃቸው «ሲሚላር ፐርሰን» ብሎ ጻፈ። የሚመስል ሰው ማለት ነው። ዲግሪውን የያዘው ሰው ፓስፖርቱን የያዘውን ይመስላል ተብሎ በማኅተም ተረጋገጠ።

ኤምባሲው «የሚመስልህን ሰው ሳይሆን አንተን ነው የምንፈልገው» ብሎ ወረቀቱን መለሰው። ስህተቱ ታርሞ እስኪላክ የትምህርት ቤቱ ምዝገባ ተዘጋ፣ ዕድሉም ለሌላ ሄደ። ይኸው አሁን አክመል ከሰበታ ፉሪ ባጃጅ ይነዳል። ማታ ማታ ጋሼን ወደ ቤታቸው የሚያደርሳቸውም እሱ ነው። በሩ ላይ ቆሞ «ጋሽ ሲሚላር፣ ይግቡ» ይላል፤ ይስቃል፣ ከልቡ ነው የሚስቀው። አንድ ቀን ጋሼ «ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አሉኝ። ሌላ ነገር ስለዚያ ጉዳይ ተናግረው አያውቁም።

ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ ሰውዬው የማይቻሉት። ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሰው፣ አንዲት የልደት ካርድ ለመተርጎም ግማሽ ቀን ይፈጃሉ። ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላትና አንድ ሰማያዊ ደብተር አላቸው። ደብተሩ ላይ ደረጃ ስለዋል፤ መሰላል ይመስላል። ከላይኛው እርከን ላይ ሴም ተጽፏል፣ አንድና ያው ማለት ነው። ከሥሩ ኦልሞስት ዘ ሴም፣ ለጥቂት ያልሆነ። ከዚያ ሲሚላር ኢን ሰም ዌይስ፣ በዚህ በዚህ የሚመሳሰል በሌላው የማይመሳሰል። ዝቅ ሲል ሃቭ ሰምቲንግ ኢን ኮመን፣ የጋራ የሆነ አንድ ነገር ያላቸው፣ ሌላው ሌላው የማይታወቅ። ታች መሬት ላይ ናቲንግ ኢን ኮመን፣ ምንም።

ሥራ የያዝኩ ሰሞን እኔንም ሊያስተምሩኝ ሞክረዋል። «ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሴም ናቸው?» አሉኝ።

«አይደሉም።»

«ሲሚላር ናቸው?»

«በምኑ ጋሼ? ሱሉልታ ንፋሱ አጥንት ይሰብራል።»

«ጎበዝ። ስለዚህ በምን እንደሚመሳሰሉ ካልተናገርሽ ሲሚላር አትበይ። ኢን ኮመን ያላቸውስ ነገር ምንድነው?»

«አቧራና የታክሲ ሰልፍ» አልኳቸው።

ሳቁና ያንኑ በእንግሊዝኛ ደብተራቸው ላይ ጻፉት። እስካሁን አለ።

ደንበኛ ግን ደብተር አይወድም። ደንበኛ የሚወደው ጎረቤታችንን የህያን ነው። የህያ ኮምፒዩተር ቤት አለው፤ ወረቀቱን በስልኩ ያነሳል፣ ማሽኑ ይተረጉማል፣ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። የእኛ ሰዎች በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ ሲጠብቁ አንድ በአንድ ወደ እሱ ይሻገራሉ። እኔም ስንቴ «ጋሼ፣ እባክዎ ይቸኩሉ» ብያለሁ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይሉኛል። እኔ እንኳን አፍሶ የለቀመ አይቼ አላውቅም፤ የቸኮለ ሁሉ ታክሲ ላይ ወንበር ሲያገኝ ነው የማየው።

መብሩካ የመጣችው በየካቲት፣ አንድ ሰኞ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ባልዲና ጀሪካን፣ የፕላስቲክ ሳህንና ወንበር የምትሸጥ የሙሄዲን ሚስት። ሙሄዲን ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሱቁንም ሁለቱን ሴት ልጆቿንም ይዛ ቀጥ ብላ የቆመች ሴት ናት። ትልቋ ሲድራ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ነርስነት ጨርሳ ሳትሠራበት ኩላሊቷ ደከመ። በሳምንት ሁለቴ አዲስ አበባ እየሄደች የኩላሊት እጥበት ታደርጋለች። ታናሿ ሩዋይዳ ሃያ ዓመቷ ነው፤ አንድ ኩላሊቴን ውሰዱና ለእህቴ ስጧት ብላለች። ህንድ አገር ያለ ሆስፒታል ሊቀበላቸው ተስማምቶ፣ የሁለቱን ዝምድና የሚያረጋግጥ የወረዳ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ይምጣ አለ። ዝምድናው ካልተረጋገጠ ኩላሊት የተሸጠ ይመስለዋል፤ ካልተቀበለ ደግሞ ሲድራ የምትሄድበት ሌላ በር የለም።

«እህትማማች ናቸው ብለው ይጻፉልኝ ጋሼ። ሌላ ነገር አያስፈልግም» አለች መብሩካ።

ጋሼ ደብዳቤውን አነበቡት። የወረዳው ሠራተኛ ኦቦ ዘርሁን በኦሮምኛ የጻፈው ነው። «ኦቦሌቲ ከራ አባ» ይላል፤ በአባት በኩል እህት። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወይዘሮ መብሩካ፣ ይሄ በአባት በኩል ነው የሚለው።»

እሷም ወደ እኔ አየች። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ «ውጪ» ማለት ነው። ወረቀት ላምጣ ብዬ ተነሳሁ። ቢሮው ግን አንድ ክፍል ነው፤ ማተሚያውን ከጠረጴዛው የሚለየው መጋረጃ ነው። መጋረጃ ደግሞ ጆሮ አይደፍንም።

«ሲድራን የወለድኳት እኔ አይደለሁም» አለች። «እናቷ ጅማ በወሊድ ነው የሞተችው። ሙሄዲን ሲያገባኝ ልጅቷ ስድስት ወሯ ነበር፣ አንገቷን እንኳን በቅጡ አላጠናችም። ከዚያ ወዲህ እጄ ላይ ናት። ሰበታ ስንመጣ አራት ዓመቷ ነበር፤ እዚህ የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። ወረዳው ከጅማ መሸኛ ላይ አግኝቶት ነው። ይኸው ሃያ ሦስት ዓመት እማ ስትለኝ ኖራለች። አሁን ታማ ተኝታ፣ እናትሽ ሌላ ናት ልበላት?»

ጋሼ መዝገበ ቃላታቸውን ገለጡ። «እንግሊዝኛው ለዚህ ሀፍ ሲስተር የሚል ቃል ነው ያለው» አሏት።

«ሀፍ ምንድነው?»

«ግማሽ።»

«ግማሽ እህት?» አለች። ድምጿ አልጨመረም፣ እንዲያውም ቀነሰ። «ኩላሊቷን የምትሰጣት ግማሽ ሆና ነው? ወላሂ ጋሼ፣ ይሄን ቃል ልጄ ፊት እንዳያመጡብኝ። እንግሊዝኛ ከእኔ አማርኛ በላይ ታነባለች።»

እውነቷን ነው። እኛ የአባቴ ልጅ እንላለን፣ የእናቴ ልጅ እንላለን፤ ሰው ለሁለት አንቆርጥም። እኔ ብሆን «ሲስተር» ብዬ ጽፌ፣ ማኅተም መትቼ እሰጣት ነበር፣ አልዋሽም።

ጋሼ ቀኑን ሙሉ ከደብተራቸው ጋር ዋሉ። አሥር ሰዓት ሲሆን ጠሩኝና አጻፉኝ፤ «እህትማማቾች ናቸው፤ ዘይ ሃቭ ዘ ሴም ፋዘር።» አባታቸው አንድ ነው ማለት ነው። ስለ እናት ምንም አይልም። በአባትም በእናትም አንድ የሆኑ እህትማማቾች አባታቸው አንድ ነው፤ በአባት ብቻ የሆኑትም አባታቸው አንድ ነው። የሚያነብ ሰው እንደወደደ ይውሰደው።

«ውሸት የለበትም» አሉኝ፣ እኔ ሳልጠይቃቸው።

«ሙሉ እውነትስ አለበት?»

«አባትን ብቻ የጠቀሰ ደብዳቤ ነው፣ አባትን ብቻ ጠቅሼ ተረጎምኩ። ጻፊው ዕድላዊት፣ ደክሞኛል።»

መብሩካ በማግስቱ ወሰደችው። ስትወጣ የጋሼን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ዱዓ አደረገችላቸው። እሳቸው ግን ቀና ብለው አላዩዋትም። ሌላ ጊዜ ሥራ ሲጨርሱ ደብተሩን ይዘጉታል፤ የዚያን ቀን ክፍቱን ትተውት ሄዱ።

አሥራ ሁለት ቀን አለፈ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን መብሩካ የሩዋይዳን ስልክ ይዛ መጣች። ደረጃው ላይ ተደናቅፋ ነው የገባችው። ሆስፒታሉ መልስ ልኳል፣ ያንብቡልኝ አለች። ጋሼ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፣ አራቁት፣ ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ። እኔ ነኝ ያነበብኩት። የላካችሁት የደም ምርመራ ውጤት ሁለቱ የሚጋሩት የአንድ ወላጅ ወገን ብቻ መሆኑን ያሳያል ይላል። ደብዳቤያችሁ ግን እህትማማቾች ብሎ እናትን ሳይጠቅስ አልፏል። እናታቸው አንድ ናት ወይስ አይደለችም፣ በግልጽ ይጻፍልን። በአሥር ቀን ውስጥ ካልደረሰን ቀኑን ለሌላ ታማሚ እንሰጣለን።

«አሥር ቀን» አለች መብሩካ። «የእጥበት መርፌ የሚገባበት ሥር አጥተውላታል እኮ። ትናንት አራት ቦታ ነው የወጓት።»

ጋሼ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ሀፍ ሲስተር ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። አሁንም እሱኑ ነው የምጽፈው።»

«አይጽፉም። በአባትም በእናትም አንድ ናቸው ብለው ይጻፉ።»

«ምርመራውን አይተውታል፣ ወይዘሮ መብሩካ። ሁለተኛ ውሸት ካገኙብን በሩ ጭራሽ ይዘጋል።»

«የህያ ይጽፍልኛል።»

«ይጽፍልዎታል» አሉ ጋሼ። «በአምስት ደቂቃ።»

መብሩካ ቆመች። ሻርፗን አስተካከለች። «እርስዎ የሚሳሱት ለቃል ነው። እኔ የምሳሳው ለልጄ ነው» ብላቸው ወጣች።

እኔም አልቻልኩም፣ ጮህኩባቸው። ምን አለበት ቢጽፉላት፣ ምን አለበት አንድ ጊዜ እንኳን ያንን መሰላል ቢረሱት፣ ሰው እየሞተ ነው አልኩ። ብዙ አልኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ አክመልንም አነሳሁባቸው። ያንን ባልል ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ጃኬታቸውን ለብሰው ወጡና፣ በመስኮቱ ሳይ የአክመልን ባጃጅ ሳይጠብቁ በእግራቸው ሄዱ። ጉልበታቸው እኮ ታማሚ ነው።

በማግስቱ ጠዋት በሩን ስከፍት ደረጃው ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣ አገኘሁ። ፊቷ አብጧል፣ ክንዷ ላይ ፋሻ አለ። ሲድራ ነበረች። ከመናኸሪያው ድረስ መምጣቱ አድክሟት ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። አስገባኋትና ወንበር ሰጠኋት። ጋሼ ሲገቡ አይተዋት ሊመለሱ ነበር፣ እውነቴን ነው፤ በሩ ላይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለዋል።

«ደብዳቤውን ልጨርስ ነው የመጣሁት ጋሼ» አለች። «ሆስፒታሉ ለእማ የጻፈውን ለእኔም ጽፎልኛል። ታማሚዋ እኔ አይደለሁ?»

ጋሼ ቁጭ አሉ። «እናትሽ...»

«አውቃለሁ። አባቴ ሲሞት ሻንጣውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የክትባት ካርዴ ነበረበት። የእናት ስም ሚርያም ይላል።» ካርዱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጥርዙ ያለቀ፣ ቢጫ ካርድ ነው። «አምስት ዓመት ሆነኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኩ እኔ፣ ማን ጠየቀኝ።

«እማ ስትደብቅ ስንት ዓመት ደክማለች። ማወቄን ብነግራት ያ ሁሉ ድካም ከንቱ የሚሆንባት መሰለኝ። ስለዚህ እኔም ማወቄን ደበቅኩ።» ትንሽ አረፈች። «አሁን ለመደበቅም አቅም ይጠይቃል፣ አቅም ደግሞ የለኝም።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እዚያ ቤት ሁለት ሰዎች አንዷ ለአንዷ ብላ አንድ ምስጢር ሁለቴ ሲጠብቁ ኖረዋል።

ጋሼ ደብተራቸውን ገለጡ። ሀፍ ሲስተርስ የሚለውን ልጅቷ ራሷ ጻፉት አለች፣ አባታቸው አንድ፣ የወለዷቸው እናቶች ሁለት። ጋሼ ጻፉት። ከዚያ ሆስፒታሉ የላከው ፎርም ላይ አንድ መስመር ቀረ፤ ከታማሚዋ ጋር የምትመጣው ሴት ለታማሚዋ ምኗ ናት ይላል። አብራት የምትሄደው መብሩካ ናት።

«ትክክለኛው ቃል ስቴፕማዘር ነው» አሉ ጋሼ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው። እንጀራ እናት ማለት ነው።

«ትክክል ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አልፈርምበትም» አለች ሲድራ። «ጋሼ፣ ከሰው ሰምቻለሁ፣ መሰላል አለዎት አሉ። እዚያ ላይ ይፈልጉልኝ።»

ደብተሩን ወደ እሷ አዞሩት። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ከታች ወደ ላይ አነበቡት። ጋሼ ጣታቸውን ሲሚላር ላይ አቆሙ። «ለአንቺና ለሩዋይዳ ያሳደገቻችሁ እናት» አሉ፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንደሚጠይቁ አድርገው፣ «ተመሳሳይ ናት ወይስ አንድ ናት? አስበሽ መልሺልኝ።»

ሲድራ ፈገግ አለች። ያበጠ ፊት ላይ ፈገግታ ሲታይ ያሳዝናል። «በአንድ ማማሰያ ነው የመታችን ጋሼ። አንድ ናት።»

ጋሼ ጣታቸውን ወደ ላይ አነሱ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሴም የምትለዋን ቃል ሳይጠራጠሩ ሲጽፉ አላየሁም፤ ብዙውን ጊዜ ኦልሞስት ይጨምሩባታል፣ ወይ በምን በምን ብለው ይዘረዝራሉ። የዚያን ቀን «ሁለቱንም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያሳደገቻቸው ዘ ሴም ማዘር ናት» ብለው ጻፉ፣ ምንም አልጨመሩበትም።

ነገር ግን ተርጓሚ ያልተጻፈ አይተረጉምም። የወረዳው ደብዳቤ ላይ ስላሳደገች እናት ምንም የለም። «ማኅተሜ እውነት የሚሆነው ወረቀቱ ሲለው ነው» አሉና ያንን የታመመ ጉልበታቸውን ይዘው ወረዳ ሄዱ። ሰልፉ በሩን አልፎ መንገድ ደርሷል። የሚሄዱት የሥራ ሰዓት ሲገባ፣ የሚመለሱት ሲዘጋ ሆነ፤ አንድ ቀን ኔትወርክ የለም ተባለ፣ አንድ ቀን ኦቦ ዘርሁን ስብሰባ ገብቷል ተባለ። በሦስተኛው ቀን ኦቦ ዘርሁን አገኛቸው። «አካም ጋሼ» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ አስቀመጣቸውና የክትባት ካርዱን አየ። ለወለደቻት ካርዱ ይበቃኛል፣ ላሳደገቻት ግን ሦስት ምስክር አምጡ አላቸው።

ምስክሮቹ ከሙሄዲን ቤት ጎረቤቶች ነው የተገኙት። ሦስተኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው፣ አክመል። ግድግዳ የሚጋራቸው ጎረቤት ነው ለካ። መብሩካ ሁለቱን ሕፃናት አንዷን አዝላ፣ አንዷን እጇን ይዛ ከጅማ መኪና ስትወርድ ያኔ ልጅ ሆኖ አይቷል። ፈርሞ ሲጨርስ ወደ ጋሼ ዞሮ «ጋሼ፣ ሴም ነው የፈረምኩት፤ ሲሚላር ብለው እንዳይተረጉሙብኝ» አላቸው። ኦቦ ዘርሁን ምኑም ሳይገባው ሳቀ። ጋሼ አልሳቁም። «አልልብህም» አሉት። «አንተንም ያኔ እንደዚህ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ።» አክመል መሬት መሬቱን አየ፣ ከዚያ ባጃጁን አስነስቶ ወደ ቢሮ አመጣቸው።

ደብዳቤው ሲመጣ ኦቦ ዘርሁን በኦሮምኛ «ያሳደገቻቸው እናት ቶኮ ናት» ብሎ ነበር። ቶኮ አንድ ነው። ቶኮ ሁለት ነገር ማለት አይችልም፤ ጋሼ ያችን ቃል ሲያዩ ትከሻቸው ሲወርድ አየሁ። ማተሚያው ላይ መብራት ጠፋ፣ ሁለት ሰዓት ጠበቅን፣ መጣ፣ ታተመ። ሲድራ ራሷ ላከችው። ቀኑ ስምንተኛው ነበር።

መብሩካ ወደ እኛ የመጣችው ከአምስት ቀን በኋላ ነው። ስልኩን ከፊቴ አስቀመጠችው። ሆስፒታሉ ተቀብሏቸዋል፤ የሚሄዱበት ቀን ተቆርጦ ተልኳል። ደስታ የለባትም፣ ግራ የተጋባች ነው የምትመስለው።

«የህያ ጋ ሄጄ ነበር» አለች። «በሩ ላይ ቆምኩ። መግባት አቃተኝ። ሳላስጽፍ ተመልሼ ተኛሁ። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ምን አይተው ነው እሺ ያሉት?»

ጋሼ ደብተራቸውን እያገላበጡ እንዳልሰማ ሰው ሆኑ። ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። ወረቀቱን አወጣሁና እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ አነበብኩላት። ሁለቱ በአባት እህትማማቾች ናቸው፣ የወለዷቸው እናቶች ሁለት ናቸው ስል እጇ አፏ ላይ ሄደ። ቀጠልኩ። ሁለቱንም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያሳደገቻቸው አንዲት እናት ናት፣ አብራቸው የምትመጣውም እሷ ናት።

«አንዲት ነው የሚለው» አለች መብሩካ፣ «ወይስ ተመሳሳይ?»

ጋሼን አየኋቸው። አሁን ቀና ብለዋል። «ሴም ነው የሚለው» አሏት። «አንዲት።»

«ማነው እንዲህ ብሎ ያስጻፈው?»

«ሲድራ» አልኩ።

መብሩካ ወንበሩ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ታውቃለች ማለት ነው።»

«አምስት ዓመቷ።»

ውጭ ረዳቶቹ «ፉሪ፣ ፉሪ» እያሉ ይጣራሉ። በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፣ ከዚያ እጇን ወደ ወረቀቱ ዘረጋችና ገና ያላየችው ይመስል ገልብጣ አየችው።

«አንድ ኮፒ አንሺልኝ» አለችኝ።

«ሆስፒታሉ ጋ እኮ ደርሷል። አያስፈልግም።»

«ለሆስፒታሉ አይደለም፣ ለእኔ ነው። እንግሊዝኛ ባላነብም የትኛዋ ቃል እንደሆነች አሳዪኝ።»

ጋሼ እስክሪብቶ አውጥተው ሴም ከምትለዋ ቃል ሥር በስሱ አሰመሩላት። አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ደረጃው ላይ እንዳትደናቀፍ እጇን ይዤ አወረድኳት።